የሦስቱ ዘፋኞች ሙት ዓመት

እኛ ቤት ሙት ዓመት የሚቆጠረው በታቦት ነው። እናቴ አንድ ሰው መቼ እንደሞተ ስትጠየቅ «የጊዮርጊስ ማግስት» ወይም «ለሚካኤል ሁለት ቀን ሲቀረው» ነው የምትለው። እኔም አሜሪካ፣ ዩለስ የምትባል ከተማ ከገባሁ በኋላ የሦስት አሜሪካዊ ዘፋኞችን ሞት የያዝኩት እንደዚሁ ነው፤ የጥር መድኃኔ ዓለም ዋዜማ ብዬ።

ነገሩን ያስጀመሩኝ ከመንገዱ ማዶ ይኖሩ የነበሩ ሽማግሌ ናቸው። አንድ ቀን ኤርፖርት ዊልቸር ስገፋ ውዬ ስመለስ የጋራዣቸውን በር ከፍተው ብቻቸውን ሸክላ ያዳምጣሉ። ቆም ብዬ ሳይ ሁለተኛ ታጣፊ ወንበር ዘረጉልኝ። የሟች ሚስታቸው ወንበር ነበር። ዛሬ፣ ሮክ ኤንድ ሮል ገና ጀማሪ ሳለ ሦስት ወጣት ዘፋኞች ትንሽ አውሮፕላን ተከስክሶባቸው የሞቱበት ቀን ነው አሉኝ። «ያኔ እኔም ልጅ ነበርኩ። በየዓመቱ አስባቸዋለሁ።»

እውነቱን ለመናገር ሙዚቃውን አልወደድኩትም፤ ይቸኩላል። ሰውየውን ግን ወደድኳቸው። እዚህ አገር የእኔ ስልክ የሚጮኸው ሺፍት እንድቀይረው የሚፈልግ ሰው ሲኖር ብቻ ነው። በሁለተኛው ዓመት፣ ሙት ዓመት ባዶ እጅ አይኬድም ብዬ ከሐበሻ ሱቅ ድፎ ዳቦ ገዝቼ ሄድኩ። ወደዱት። ከዚያ ወዲህ ቀኑ የሁለታችን ሆነ።

በአራተኛው ዓመት ጥር ሲገባ ወደ ጋራዣቸው ጠሩኝ።

«ልጄ ሳክሲ ወደሚባለው ከተማ ወስዳ እሷ ዘንድ ልታኖረኝ ነው። ኦኬ ብያታለሁ። ግን የዘፋኞቹን ቀን ካንተ ጋር ሳልሰማ አልሄድም።»

«አልቀርም፣» አልኳቸው። ጎረቤት ናቸው ብዬ ስልካቸውን እንኳ አልያዝኩም።

ግድግዳዬ ላይ በለጠፍኩት የሐበሻ ካላንደር ዋዜማው እሑድ ዋለ። ዳቦዬን ይዤ ስሻገር ጋራዡ ባዶ ነው። ልጃቸው ወለሉን ትጠርጋለች።

«ትናንት ነበር እኮ፣» አለችኝ። «አባቴ እስኪመሽ ጠበቀህ። ሸክላውን እናጫውትልህ ስንለው እሱ ሳይመጣ አይነካም አለ። ሳይሰማው ይዞት ሄደ።»

ጉድ የሠራችኝ ጳጉሜ ናት። በአራት ዓመት አንዴ እንደምታደርገው ስድስት ቀን ሆና ነበር፤ ስለዚህ የእኛ ጥር ከእነሱ አቆጣጠር በአንድ ቀን ዘግይቷል። ይህን ላስረዳት ሞከርኩ። ሰበብ የሚደረድር ሰው እንደሚያዳምጡ ሁሉ ራሷን በትሕትና ነቀነቀችልኝ።

ቤቴ ገብቼ ቅዳሜን አሰብኳት። ዕረፍት ነበርኩ። መስኮቴ ፓርኪንጉን እንጂ መንገዱን አያይም። አልጋዬ ላይ ተጋድሜ፣ በዚህ ሁሉ አገር እኔን የሚጠብቅ አንድ ሰው የለም እያልኩ በራሴ ሳዝን ነው የዋልኩት። ሰውየው ከመንገዱ ማዶ ሁለተኛውን ወንበር ዘርግተው ይጠብቁኝ ነበር።