አላውቃትም ያሉት ሚዜ

ዛሬ ሐሙሲት ከተማ ሰርግ ላይ የአባቴ ሚዜ የነበሩት ሽማግሌ ማይክ ይዘው ሚዜዎቹን ስለ ታማኝነት መከሩ።

በደርግ ጊዜ አባቴ ሲሞት እናቴ ጡረታውን ጠየቀች። «የጋብቻ ወረቀት የለሽም» ብለው ከለከሏት።

ይግባኝ አለች። ወረታ ላይ ጉዳይዋን በሰማው ጉባኤ ፊት አንድ ምስክር ጠራች፤ በሰርጓ ቀን አቅፈው በቅሎ ላይ ያወጧትን እኚህኑ ሰውዬ።

ያኔ የቀበሌ ሊቀመንበር ነበሩና ጡረታውን ከከለከሏት ሹማምንት ጋር መጣላት ፈሩ። «አላውቃትም» አሉ።

ይግባኙ ውድቅ ሆነ። እናቴ እስክትሞት በሰው ማሳ ሩዝ ስታርም ኖረች።

ዛሬ ማይኩን ተቀበልኳቸውና ይህንኑ ለሰርገኛው ተናገርኩ። (ሙሽሮች ይቅርታ፣ ወጡ ግን ግሩም ነበር።)

«ጋሼ፣ አሁንስ እናቴን ያውቋታል?»

አንገታቸውን ደፍተው ስሟን ከነአባቷ ስም ጠሩት።

አልማርኳቸውም። እናንተስ፣ ማይክ እጃችሁ ቢገባ ማንን ትጠይቁ ነበር?