የመቀናጆ ሞተር፦ ከላሊበላ ሙጃ

በደርግ ጊዜ ነው። የጭነት በቅሎዎቼን ሁሉ ሸጬ አንዲት አሮጌ ጂፕ ገዛሁ። እሷ ደግሞ የመጀመሪያውን ዳገት ሳትጨርስ ውሃዋን ተፋች፤ የሞተሯ ራስ፣ መካኒኮች ቴስታታ የሚሉት፣ ተሰነጠቀ። የላሊበላ ሰው ደግ ነውና «ግድ የለም፣ የዶሮ ማደሪያ ትሆንሃለች» እያለ አጽናናኝ። አዲስ ቴስታታ ለእኔ ኪስ የሚታሰብ አልነበረም። ካልተነሳች ግን በቅሎም መኪናም የሌለው ነጋዴ ሆኜ መቅረቴ ነው።

አንድ ጨው ነጋዴ ከሙጃ ወሬ አመጣልኝ። የገበሬ ማኅበሩ ወፍጮ ቆሟል፤ ሞተሩ እንደ እኔዋ ካለች ጂፕ የተነቀለ ነው፤ ሆዱ፣ የታችኛው ብሎክ፣ ተበስቷል፣ ራሱ ግን ደህና ነው አለኝ። የእኔዋ ሆዷ ደህና፣ ራሷ ስንጥቅ። ከሁለቱ አንድ ዲቃላ ሞተር ለማውጣት አስቤ፣ መካኒክ ሰይድን አስከትዬ፣ በቅሎ ተከራይቼ በማለዳ ወጣሁ።

ኩልመስክ

ተከዜን ገና ጅረት ሳለ ዘለልነው። የገብሱ ቃርሚያ ላይ ውርጭ ተጋግሮ ነበር። ኩልመስክ ሽሮ በላን፤ እኔ ጠላ፣ ሰይድ የማያሰክረውን ቀሪቦ ጠጣን። እራትና ማደሪያ፣ የበቅሎዋ ገለባ ሳይቀር፣ አንድ ብር ከሃምሳ።

በማግስቱ መንገድ ላይ ሰይድን አሠለጠንኩት። «ቴስታታውን ስታይ ፊትህን አጨማደው። ጥርሷ ያለቀ ላም እንዳየ ገዢ አጣጥለው።»

«እሺ ጋሼ፤ ብቻ ወላሂ በል እንዳትለኝ።»

ሙጃ

የወፍጮ ቤቱን ቆርቆሮ ነፋስ ያንኳኳዋል። የማኅበሩ ሊቀመንበር አቶ መንገሻ፣ ጋቢ የለበሱ ሽማግሌ፣ በሩን ከፈቱልን።

«ለቁርጥራጭ ብረት ነው አባቴ» አልኩ። «እርስዎንም ከቦታ መጣበብ ልገላግልዎ ብዬ።»

ሰይድ ጎንበስ ብሎ ዘይቱን በእጅጌው ጠረገ፤ ጣቱን አስኬደበትና ጮኸ። «ማሻአላህ! ጋሼ፣ እንደ ሙሽራ ፊት አንድ ጭረት የለውም!»

ሽማግሌው ሳቃቸውን በጋቢያቸው ሸፈኑ። «አይ ነጋዴ! ብረት ነው ሙሽራ የምትፈልገው? አይሸጥም። እኛም ለወፍጯችን ሆድ እየፈለግን ነው።»

ሆዷ ደህና፣ ራሷ የተሰነጠቀ ጂፕ እንዳለችኝ እውነቱን አወጣሁ። ያን ሁሉ ዳገት ወጥቼ ባዶ እጄን ልመለስ ነው። ይሄኔ ከማኅበሩ ኮሚቴ አንዷ፣ ወይዘሮ አስናቀች፣ መዳፋቸውን ዘረጉ። ወፍጮው ከቆመ ጀምሮ በድንጋይ ሲፈጩ ተልጧል።

«አቶ መንገሻ፣ እኔ አንድ በሬ አለኝ፣ ጎረቤቴም አንድ አለው። ሲታረስ እንሻሻጣለን? እንቀናጃለን፣ ሁለቱን በአንድ ቀንበር እንጠምዳለን እንጂ! ይሄም ሰውዬ የአንድ በሬ ጌታ ነው፤ ሆዱ የእሱ፣ ራሱ የእኛ።»

ሰይድ ፈጠን አለ። «ይሆናል እትዬ! ጂፗ ቅዳሜ ቅዳሜ ትምጣ፤ የኋላ እግሯን በክሪክ አንስተን፣ ጎማውን አውልቀን፣ የወፍጮውን ችንጋ ቸርኬው ላይ እንጠመጥማለን። ትፈጫለች!»

«የቅዳሜውን ናፍጣ ማኅበሩ ይችላል» አሉ አቶ መንገሻ። ወዲያው ወደ እኔ ዞሩ። «ይዘኸው ብትቀርስ? ዋስ ጥራ።»

በዚያ አገር ማንን አውቃለሁ?

«እኔ ዋሱ ነኝ» አለ ሰይድ።

ሽማግሌው ከላይ እስከ ታች አዩት። «አንተንስ አመንን። መዋሸት የማትችል መሆንህን አይተናል።»

ላሊበላ

ቴስታታውን በበቅሎ ጭነን ተመለስን። ሰይድ ሲያጋጥም፣ ሲያጠብቅ ከረመ፤ አንድ ጠዋት ጂፗ ጥቁር ጭስ ተፍታ ተነሳች፤ ያጽናናኝ ሰው ሁሉ አሁን «አሳፍረን» ይለኝ ጀመር።

ከቤት የወጣሁት አታልዬ ሙሉ መኪና ላገኝ ነበር፤ ያገኘሁት ግማሽ ነው። ከዚያ ወዲህ ሙሉ የእኔ የሆኑ መኪናዎች ነድቻለሁ። የሚናፍቀኝ ግን ያ የቅዳሜ ጠዋት ነው። ሙጃ ስንደርስ እህላቸውን የያዙት ሴቶች የሞተሩን ድምፅ ከታች ሰምተው ኖሮ፣ ወረፋ ይዘው ቆመው ነበር፤ ከፊት ወይዘሮ አስናቀች። «በሬያችን መጣ!» አሉና ያን የተላጠ መዳፋቸውን የጂፗ ግንባር ላይ አሳረፉ።