ዘይት የጠጣ አፈር

ሱዳን አገር፣ ባህሪ በሚባል ሰፈር ባለ ዘይት ፋብሪካ ውስጥ የኔ ሥራ አፈር መፋቅ ነበር። የኦቾሎኒ ዘይት እንደተጨመቀ ጠቆር ያለ ነው፤ ማንም አይገዛውም። ነጭ የላመ አፈር ይጨመርበትና በሙቀት ይታመሳል። አፈሩ ቀለሙንና እድፉን ገላው ላይ ለጥፎ ይይዛል፣ ዘይቱ ጠርቶ ይወርዳል። ሱቅ ላይ አይተው ‹‹ሲያበራ!›› ይሉለታል። እድፉ የተለጠፈበትን አፈር ከማጣሪያው ጨርቅ ላይ የምንፍቀው እኛ ሐበሾቹ ነበርን። ጢን ይሉታል፤ ጭቃ ማለት ነው።

አብሮኝ የሚፍቅ የጎጃም ሰው ነበር። ስለሚበልጠኝ ጋሼ እለዋለሁ። ደቡብ ሱዳኖች ተገንጥለው አገራቸው ሲገቡ፣ ማዮ በሚባል ሰፈር ከአንዳቸው ላይ የጭቃ ክፍል ገዝተን አብረን እንኖር ነበር። ኸሪፍ ሲገባ፣ ክረምቱ ማለት ነው፣ ጣራው ያፈስሳል። እሱ ደግሞ ሚስቱን ከአገር ሊያስመጣ ነው፤ በስልክ ደህና ቤት አለኝ ብሏት ነበር። ዋሽቷል። ሳትመጣ እውነት ሊያደርገው ፈለገ።

ቅባታም ጭቃ ዝናብ አያስገባም ብሎ አለቃችንን ለመነው። አለቃው ሳቀና ውሰዱ አለ፤ ውሃ እያጠጣችሁት ብሎም ጨመረበት።

‹‹ምን ሊያበቅልልን ነው?›› አለኝ ጋሼ በአማርኛ።

ሳቅን። ፋብሪካ ውስጥም ክምሩ ላይ በጎማ ቱቦ ውሃ ያርከፈክፉ ነበር፤ እኛ ለአቧራው መስሎን።

ሐሙስ በጋሪ አስጫንነው። ጣራውን ለቀለቅን፣ የተረፈው በጆንያ እንዳለ አልጋው ሥር ገባ። ማታ ዝናብ ወረደ፤ ጠብ ያለ ነገር የለም። ጋሼ ደወለና ነይ አላት። ልብሷን ሸክፋ መተማ ተቀምጣ ነበርና ጠዋቱን ድንበሩን ልትሻገር ተነሳች።

በማግስቱ ጁምዓ ነው፣ ሥራ የለም። ማዮ መብራት ስለሌለ ስልኩን ቻርጅ ላስደርግለት ካላክላ ሰፈር ሄድኩ። እሱን አልጋው ላይ ጋደም እንዳለ ተውኩት።

ስመለስ ጎረቤት ቤታችን ላይ በባልዲ ውሃ ይረጫል። ነበልባል የለውም፤ ጥቁር፣ የሚከረፋ ጭስ ብቻ። ጋሼን ከውስጥ ጎትተው አውጥተውታል። ፀጉሩ እንኳ አልተነካም። ጭሱ ነው የገደለው።

ፊደል የቆጠርኩት ከዚያ ወዲህ ነው፣ ጎልማሳ ሆኜ። አንብቤ ደረስኩበት፦ ዘይት የያዘ አፈር ውሃ ካልጠጣ፣ አየር ሲያገኝ ከራሱ ግሎ ይነዳል፣ ክብሪት አይፈልግም። ፋብሪካው ውስጥ ይህን የሚያውቅ ሞልቶ ነበር። ለሐበሻ ማን ቁጭ ብሎ ያስረዳል?

አስከሬኑ አጠገብ እንደቆምኩ ኪሴ ውስጥ ስልኩ ጮኸ። ሚስቱ ናት፤ ድንበር ተሻግራ ገላባት ገብታለች፤ አውቶቡስ ልትሳፈር ነው። ረዳቱ ‹‹ያላ፣ ያላ›› ሲል ይሰማኛል። እኔ አብሮት የምሠራው ነኝ አልኳት።

‹‹ቤቱ ተቃጥሏል እህቴ። ተመለሺ።››

‹‹ቤቱን ተወው›› አለች። ‹‹ስልኩን ለሱ ስጠው።››