ከሻይ ፔርሙዙ ስር የኖረችው ብረት

ዛሬ ባሕር ዳር ቢሮአችን ውስጥ በዕድሜ የሚበልጠኝ ኮምፒውተር ነቃ።

ዕቃ ግምጃ ቤቱን ስናጸዳ ነው ያገኘነው። ወርክስቴሽን ይሉታል፤ ኮምፒውተር በየቤቱ ሳይገባ ለመሐንዲስና ለካርታ ሠሪ የተሠራ ነው። ስክሪኑን ለሁለት ሆነን አነሣነው። ሰኞ ከቁርጥራጭ ብረት ጋር ሊሸጥ ነበር።

ሰካሁት፤ በራ። ማውሱ ግን ወይ ፍንክች።

ድሮ በዚህ ማሽን ካርታ ይሠሩ ለነበሩት ለእትዬ ሙሉ ደወልሁ። ጡረታ ወጥተው እዚሁ ግሽ ዓባይ ሰፈር ነው የሚኖሩት። በባጃጅ መጡ።

«ሰሌዳው የታለ?» አሉኝ።

«የምን ሰሌዳ?»

ዞር ዞር ብለው አዩና ከሻይ ፔርሙዙ ስር ያለችውን የምታብረቀርቅ ብረት ሳብ አደረጓት። እዚህ ከተቀጠርሁ ጀምሮ ፔርሙዙ የሚቀመጠው እሷ ላይ ነው።

«ይኼ ማውስ እኮ ከስሩ የሚሽከረከር ኳስ የለውም። ብርሃን እያበራ የብረቷን መስመር ቆጥሮ ነው የሚሄድ። ያለ እሷ ዕውር ነው» አሉ፤ በመሐረባቸው እየጠረጓት።

እውነትም እንደ ፀጉር የቀጠኑ መስመሮች አሉባት። ስንት ዓመት ከላይዋ ስኳር ስወለውል አላየኋቸውም።

ማውሱን ላይዋ ሲያደርጉት ስክሪኑ ላይ ያለችው ቀስት ተንቀሳቀሰች። እትዬ ሙሉ አንድ ፋይል ከፈቱ። የጣና ዳርቻ መስመር በመስመር እየተሳለ መጣ፤ ደሴቶቹ፣ ከዚያም ዓባይ የሚወጣበት አፍ።

ማሽኑ ቀኑን ረስቷል፤ ሰዓቱ የሚያሳየው እኔ ያልተወለድሁበትን ዘመን ነው። ጣናን ግን አልረሳም።

የንብረት ክፍሉ ኃላፊ ቆመው ሲያዩ ቆዩና «ይኼስ አይሸጥም» አሉ።

ሻዩ ዛሬ ባዶ ጠረጴዛ ላይ ተቀመጠ። እስቲ ንገሩኝ፤ እናንተ ቢሮ ከፔርሙዙ ስር ምን አለ?