በጎን የተሣለችው በቀለች

መሪጌታ ቢሻውን ሰው ሁሉ ኩራተኛ ይላቸው ነበር። እውነቱን ነው፣ ኩራተኛ ነበሩ። ከዳንግላ እስከ አዲስ ቅዳም ባሉት ደብሮች ሥዕላቸው ያልተለጠፈበት ግድግዳ ጥቂት ነው፤ እሳቸውም ይህን ሳይጠየቁ ይናገራሉ። የሌላ ሠዓሊ ሥራ ያዩ እንደሆነ ከንፈራቸውን መጠጥ አድርገው "መላእክቱ እንቅልፋቸው መጥቷል" ይላሉ። በሃምሳዎቹ ዓመተ ምሕረት መጀመሪያ፣ ከእንጅባራ በላይ ባለችው የማርያም ደብራችን ቁልፍ ያዥ ነበርኩ። የፍርድ ቀንን ሥዕል ሲሠሩልን በሩን የምከፍትላቸውም የምዘጋላቸውም እኔ ስለሆንኩ ስንጣላም ስንታረቅም ከረምን።

ያን ሥራ የተቀበሉት ግን ለኩራት አልነበረም። ሚስታቸው በቀለች ዘመድ ልትጠይቅ ጫግኒ ወርዳ በያዛት ንዳድ ሞታባቸው ነበር። በቀለች የዘንገና የአገው ገበሬ ልጅ ናት። ፎቶግራፍ የሚባል ነገር አልተነሣችም፤ ልጅም አልወለዱም። አንድ ቀን ሥዕሉ የሚሣልበትን አቡጀዲ ግድግዳው ላይ በሙጫ እየለጠፍን ሳለ "መልኳ እንዳይጠፋ እዚህ አስቀምጣታለሁ" አሉኝ። በደንቡ ቢሆን እንደዚህ ያለ ሥዕል ላይ የሚቆመው ቅዱስ ነው፣ ካልሆነም ያሣለው ባለጸጋ ነው፤ የሠዓሊ ሚስት ቦታ የላትም። ሰምቼ እንዳልሰማ ሆንኩ። ለእናቷ ለእማሆይ ወርቅአየሁም "ሲያልቅ መጥተው ልጅዎን ያያሉ" ብለው ቃል ገብተውላቸዋል።

በአገራችን የሥዕል ሥርዓት ጻድቅ ፊት ለፊት ይሣላል፣ ሁለት ዓይኑ ይታያል። ኃጥእ ግን በጎን ነው፣ በአንድ ዓይን። ይህን ሕፃንም ያውቀዋል። ደግሞ የጻድቃን ፊት ሁሉ አንድ ነው፦ ክብ፣ ንጹሕ፣ ዓይነ ትልቅ። ሠዓሊው ከመምህሩ እንደዚያ ስለተቀበለው አንዲት መስመር አይጨምርበትም። በኃጥአን ላይ ግን የሚቆጣጠረው የለም፤ አፍንጫ ቢያጎብጥ፣ ጥርስ ቢያገጥጥ ማን ይጠይቀዋል? መሪጌታም ኃጥአኑን ወሬ እያወሩኝ በጥድፊያ ነው የሠሯቸው። በቀለችን ግን ተጨነቁባት። ከእመቤታችን እግር ስር፣ በጻድቃኑ ሦስተኛ ረድፍ፣ ሰማያዊ ነጠላ አልብሰው አቆሟት።

ሥዕሉ በኅዳር፣ ለጽዮን ማርያም ዋዜማ አለቀ። ሥራው እስኪያልቅ በጊዜያዊው ማደሪያ በመቃኞ የቆየው ታቦት በማግስቱ ይገባል፤ ከገባ በኋላ መሰላል ማቆም ቀርቶ ቀለም ይዞ መግባትም አይታሰብም። ረፋዱ ላይ ስገባ መሪጌታ ወደ ኋላ ሸሽተው ሥራቸውን ያያሉ። ደስ ያለው ሰው ፊት አልነበረም።

"ምን ጎደለ?" አልኳቸው።

"እንጃ። ሦስተኛው ረድፍ ላይ ያለችው ሳያት አታውቀኝም" አሉ።

ብዙም ሳይቆይ እማሆይ ከዘንገና በእግራቸው ደረሱ። ተሳልመው ማየት ጀመሩ። መሪጌታ ቦታዋን አልነገሯቸውም፤ ራሳቸው እንዲያገኟት ፈልገዋል፣ ኩራት አይለቅ። እማሆይ የጻድቃኑን ሴቶች አንድ በአንድ አለፏቸው። ባለ ሰማያዊ ነጠላዋንም አለፏት። ከዚያ ዓይናቸው ወደ እሳቱ ወረደና ቆመ። በአገውኛ አንድ ነገር አሉ። እኔ አገውኛ አልሰማም፤ "በቀለች" ሲሉ ግን ሰማሁ። ጣታቸው የቆመው ዲያብሎስ በሰንሰለት ከሚጎትታቸው ሴቶች በመካከለኛዋ ላይ ነው።

መሪጌታ ሊስቁ ቃጣቸው። "እሷ አይደለችም፣ እማሆይ። ይቺ ሐሜተኛዋ ናት።" ብለው ተጠጉና አዩ። ፊታቸው አመድ መሰለ። እኔም አየሁ። ቀደም ሲል የደጀ ሰላሙን ሥዕል ሲሠሩልን አብራ ትመጣ ስለነበር በቀለችን አውቃታለሁ። ወጣ ያለው ግንባሯ፣ ነክሳ የምትይዘው የታችኛው ከንፈሯ፣ ወደ ፊት የምታሰግገው አንገቷ፤ እሷው ናት፣ መናገር ብቻ ነው የቀራት።

በትዳር ዘመናቸው ሁሉ ቀለም የምትፈጭላቸው እሷ ነበረች። ከጎናቸው ተቀምጣ፣ ድንጋዩ ላይ አጎንብሳ፣ ከንፈሯን ነክሳ። ከሥራቸው ቀና ባሉ ቁጥር የሚያዩት ጎኗን ነው። እጃቸው የሚያውቃትም እንደዚያ ነበር፤ ሐሳባቸው ወሬው ላይ ሳለ እጃቸው እሷን ሣለ። በጎን ከተሣለች ደግሞ ቦታዋ እሳቱ ነው።

"መሪጌታ፣ ልጄን ከዚያ ያውጡልኝ" አሉ እማሆይ።

"እማሆይ፣ በምድር ላይ የቀረ መልኳ ይኸው ብቻ ነው።"

"አየሁት። ነገ ግን ሕዝብ ይገባል። የሲኦል ሴት እያለ ይጠቋቆምባታል። ያውጡልኝ።"

መሪጌታ ከጻድቃኑ ጋር ሊያቆሟት ፈልገው፣ ሳንቃ አንሥተው ላዩ ላይ በከሰል ፊቷን ወደ እኛ ሊያዞሩት ሞከሩ። ግንባሩን ይጀምሩታል፣ ከንፈሩ ላይ ሲደርሱ ሦስተኛ ረድፍ ያለችው ሴት ትሆንባቸዋለች። ደመሰሱ። እንደገና ጀመሩ፣ ደመሰሱ። መምህራቸው ያስተማሯቸው ፊት በእጃቸው ውስጥ ተቀምጦ ሌላ አላስገባም አለ። እኔ "ይተዉት፣ እንዳለች ትኑር" ልል ነበር፤ የእማሆይን ፊት አየሁና አፌን ያዝኩ።

በመጨረሻ ጥላሸት በሙጫ ለወሱ። ከግንባሯ ጀመሩ። ከንፈሯ ጋ ሲደርሱ ትንሽ ቆም ብለው ጨረሷት። በሁለቱ ሴቶች መካከል ጥቁር ጭስ ቀረ።

እማሆይ ወጥተው ከሄዱ በኋላ ደጃፉ ላይ ተቀመጥን። "ዕድሜ ልኬን የሰው ፊት ሣልኩ እያልኩ ስመጻደቅ ኖርኩ" አሉኝ። "የሣልኩት አንድ ፊት ብቻ ነው። እሱንም ሲኦል ከተትኩት፣ ቀጥዬም አጠፋሁት።" ተነሥቼ በሩን ዘጋሁላቸው።

በማግስቱ ታቦቱ በእልልታ ገባ። ሕዝቡ ሥዕሉን አይቶ ወደደው፤ መሪጌታን ካባ አለበሷቸው። ሴቶቹ ከእመቤታችን ሥዕል ስር ሊሳለሙ ይጋፋሉ። እማሆይ ወርቅአየሁ ግን ጭሱ ፊት ብቻቸውን ቆመዋል፣ ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል። መሪጌታ ሕዝቡን ጥሰው ወደ እሳቸው ሄዱ።

"እማሆይ፣ ወደ እመቤታችን ይምጡ እንጂ። አውጥቻት የለም እንዴ?"

እማሆይ ዓይናቸውን ከግድግዳው አላነሡም።

"አላወጧትም፣ መሪጌታ። ሸፈኗት እንጂ።"