መክሰስ ለማጥናት ካፉሪ የሄድኩበት ቀን

ጠዋት ሁለት ሰዓት፣ ካርቱም ሁለት ሰፈር

የአገሬ ልጆች ምሳቸውን እየተዉ ብስኩትና ቺፕስ ሲበሉ ብዙ ጊዜ ታዝቤያለሁ። ምክንያቱን የጠየቀ ሰው ስላላየሁ እኔው ላጠናው ሐሙስ ጠዋት ደብተሬን ይዤ ተነሳሁ። ትምህርት ቤት የቆየሁት ሁለት ዓመት ብቻ ነው። ዐረብኛን ከሱቅ ማስታወቂያ ላይ በራሴ ለቅሜ፣ ዛሬ ለተማሩት ሰዎች ደብዳቤ የማነብላቸው እኔ ነኝ። የመጨረሻ ማረፊያዬ የእህቴ ልጅ ዘይነብ የምትሠራበት፣ ካፉሪ ሰፈር ያለ ቪላ ነበር። ማዳሟ እንግዳ አትወድም፤ ከዘይነብ በፊት የነበሩትን ሁለት ሠራተኞች በጥርጣሬ ብቻ አባርራለች። ዘይነብ "ሐሙስ ማዳም ሰርግ ቤት ትውላለች፣ ያኔ ና" ብላኝ ነው።

አራት ሰዓት፣ የካርቱሙ ሪያድ ሰፈር

የቀን ሥራ የሚጠብቁ ወጣቶች መንገድ ዳር ቆመዋል። አንድ ኩባያ ተሳሊ፣ ማለትም የተቆላ የሐብሐብ ፍሬ፣ በሁለት መቶ ጊኔ ገዝቼ አዞርኩላቸው። ሰው የሚናገረው አፉ ሲሠራ መሆኑን ያወቅሁት ማንም ሳያስተምረኝ ነው።

"ለምን ብስኩት?" አልኩት አንዱን።

"አባባ፣ ብስኩት ቆሜ እበላዋለሁ። ፉል ቤት ከተቀመጥኩ የሥራው መኪና ሌላውን ጭኖ ያላ ብሎ ይሄዳል።"

"ውሸቱን ነው!" አለ ጓደኛው። "የፉል ቤቷ ልጅ ስላባረረችው ነው!"

ሁለቱንም ጻፍኩ።

ሰባት ሰዓት፣ ካፉሪ

የዓባይን ድልድይ በሚኒባስ ተሻግሬ፣ የቀረውን በረክሻ፣ በባጃጅ ማለቴ ነው፣ ሄድኩ። ዘይነብ በጓሮ በር አስገባችኝ።

"ቶሎ በል አጎቴ፣ ሥራዬን እንዳታሳጣኝ።"

"እኔ እያለሁ ምን ትፈሪያለሽ?" አልኳት።

የማዳም እናት ሃጃ ስኳር አለባቸው። ልጃቸው ጣፋጭ ከልክላቸው ብስኩቱን ዶላብ ውስጥ ቆጥራ ታስቀምጣለች፤ እሳቸው ደግሞ እየደበቁ ይበላሉ። ዘይነብ ባዶውን ላስቲክ ከቆሻሻ አውጥታ አሳየችኝ።

"ወላሂ ለማንም እንዳትናገር። አምነውኝ ነው።"

ቃል ሰጠኋት። ይህንኑ ጽፌ ሳልጨርስ የመኪና ድምፅ ሰማን፤ ማዳም ሳትጠበቅ ተመልሳ ወጥ ቤት ገባች። እኔን አየች፣ ላስቲኩን አየች፣ ዶላቡን ከፍታ ቆጠረች።

"ለካ ለዚህ ነው የሚጎድለው! ሐራሚያ! ሌባ! ልብስሽን ሰብስቢ!"

ዘይነብ ወደ በሩ ዞረች። ሃጃ ምርኩዛቸውን ይዘው በሩ ላይ ቆመዋል። እውነቱን ባወጣ ሃጃ ይክዳሉ፣ ዘይነብም ምስጢር አውጪ ተብላ ትባረራለች። ዝም ብል ደግሞ ሌባ ተብላ ትባረራለች።

"እኔ ነኝ የወሰድኩት" አልኩ በጥሩ ዐረብኛ። "እሷ ፎቅ ስታጸዳ ነበር፤ አሁን ነው መጥታ የያዘችኝ። ከዚህ በፊትም በጓሮ በር እየገባሁ ወስጃለሁ።"

"ያ አም፣ አንተ ሽማግሌ፣ በዚህ ሽበትህ?" አለች ማዳም። ከዚህ የባሰም አከለችበት፤ አንድም ቃል አላመለጠኝም። "ሁለተኛ እዚህ ደጅ እንዳላይህ!"

ሃጃ ዐይናቸውን መሬት ላይ ተከሉ።

አሥራ አንድ ሰዓት፣ ቤቴ

ስልኬን ታቅፌ ተቀመጥኩ። ዘይነብ የደወለችው ሊመሽ ሲል ነው።

"አብሽር አጎቴ፣ አልተባረርኩም። ሃጃ ግን ልጃቸውን ቀና ብለው ማየት አቅቷቸዋል።"

መክሰስን የሚወስነው ረሃብ፣ ዋጋና ጥድፊያ ነው ብዬ ነበር የተነሳሁት። ሰው የሚበላው ማን እያየው እንደሆነም መጠየቅ እንዳለብኝ ካፉሪ አስተማረችኝ። ዛሬ ዘይነብ ያን ቤት ለቃ ትዳር ስለያዘች ነው እውነቱን ያወጣሁት። የዚያን ቀን ግን ከደብተሬ ላይ የሃጃን ስም ሰርዤ፣ በቦታው የራሴን ስም ጻፍኩ።