የሮክሳን ሠላሳ ሺህ ነጥብ

ግሌንዳ ሃርግሮቭ በዴይተን ከተማ የሰው ጥርስ ስታጥብ ሃያ ስድስት ዓመት ሆኗታል። እጇ ለስላሳ፣ ወሬዋ ጣፋጭ ነው፤ ደንበኞቿ አፋቸውን ከፍተው ስለሚቆዩ ደግሞ አቋርጧት የሚያውቅ የለም። በሥራዋም በጎረቤቷም የምትታማ ሴት አይደለችም። አንድ ነገር ብቻ አለባት፤ በታናሽ እህቷ በሮክሳን ትቀናለች። ቅናቱ ዛሬ የመጣ አይደለም፤ ሮክሳን ተወልዳ ከሆስፒታል ወደ ቤት የገባች ዕለት የበቀለ ነው። ያኔ ግሌንዳ የአራት ዓመት ልጅ ነበረች፤ ሕፃኗን ገልጣ አይታ፣ "መልሷት" አለች ይባላል። የመለሳት የለም።

ሮክሳን ቤት ታሻሽጣለች። ፀጉሯ በነፋስ አይበተንም፣ መኪናዋ አቧራ አያውቅም። ይህን ሁሉ ግሌንዳ ችላ ኖራ ነበር። ያልቻለችው የካርዱን ነገር ነው።

እናታቸው ወይዘሮ ኧርሊን ብርዱ ሲጠና ፍሎሪዳ ወደምትኖር እህታቸው ይበራሉ። ሰማንያ ሁለት ዓመታቸው ስለሆነ ከልጆቻቸው አንዷ ታደርሳቸዋለች። የዛሬ ሁለት ዓመት ያደረሰቻቸው ሮክሳን ነበረች፤ ሻርለት ከተማ ላይ አውሮፕላን ሲቀይሩ ያንን ከብረት የተሠራ ክሬዲት ካርዷን አሳይታ ላውንጅ፣ የተመረጡ መንገደኞች ማረፊያ፣ አስገባቻቸው። እናትየው ከዚያ ወዲህ ሌላ ወሬ የላቸውም። የቲማቲሙ ሾርባ በትንሽ ስኒ መቅረቡን፣ ወንበሩ እንደ ጳጳስ ዙፋን መሆኑን፣ አንዲት ልጅ መጥታ "ትራስ ልጨምርልዎ?" ማለቷን ለቄሱም፣ ለፖስተኛውም፣ ለግሌንዳም ሰባት ጊዜ ነገሩ። "ሮክሲዬ እንዲህ ናት" ይላሉ መጨረሻ ላይ።

በየሁለት ሳምንቱ ማክሰኞ እናቷን ሐኪም ቤት የምታመላልሰው ግን ግሌንዳ ነች። የማክሰኞን ነገር ለፖስተኛ የሚያወራ የለም። ሐኪም ቤት ሾርባ አይቀርብማ።

አንጀቷ ቢቃጠል እሷም ያንኑ ካርድ አወጣች። ዓመታዊ ክፍያው ስድስት መቶ ዘጠና አምስት ዶላር ነው። ባሏ ዌንደል የቤት ማሞቂያ ጠጋኝ ነው፤ ነገር አያበዛም።

"በዓመት ስንቴ ነው የምንበረው?" አላት።

"ክፍያውን እኮ በጥቂት በጥቂቱ ይመልሱታል። ለታክሲ በየወሩ አሥራ አምስት ዶላር ይሰጣሉ።"

"መኪና አለሽ፣ ግሌን።"

"ለአንድ ውድ የልብስ መደብርም በየስድስት ወሩ ሃምሳ።"

"እዚያ ሃምሳ ዶላር ምን ይገዛል?"

ካልሲ ይገዛል። አንድ ጥንድ። በዓመቱ መጨረሻ ግሌንዳ የሃምሳ ዶላር ካልሲ ሁለት ጥንድ ነበራት፤ ለበዓል እንኳ ሳስታላቸው መሳቢያ ውስጥ ተኝተዋል። የታክሲው ገንዘብ ደግሞ ወሩ ካለቀ አብሮ ያልቃል። ስለዚህ በየወሩ መጨረሻ መኪናዋን ክሊኒኩ በር ላይ ታቆምና በታክሲ ወደ ቤቷ ትገባለች። በማግስቱ ዌንደል ሥራውን አቋርጦ መኪናዋ ዘንድ ያደርሳታል። ጎረቤቶች መኪናዋ የተበላሸ መስሏቸው አዘኑላት።

እናቷን የማድረስ ተራ ሲደርሳት የሆነው ግን ከሁሉ ይብሳል። እናቷ ወደሚሄዱበት ወደ ታምፓ፣ ፍሎሪዳ፣ ሁለት ሰዓት ከሩብ የሚፈጅ ቀጥታ በረራ ነበር። ግሌንዳ ተወችው። ቀጥታ በረራ ላውንጅ የለውማ! ሻርለት ላይ አራት ሰዓት የሚያስጠብቀውን፣ ያውም ውዱን፣ መርጣ ቲኬት ቆረጠች። በተሽከርካሪ ወንበር እናቷን እየገፋች ላውንጁ በር ስትደርስ በሩ ላይ ያለችው ልጅ ፈገግ ብላ፣ "እርስዎ በነፃ ይገባሉ፤ ለእንግዳዎ ሃምሳ ዶላር ነው" አለቻት። ደንቡ ከተቀየረ ከራርሟል።

"እናቴ እኮ ናት" አለች ግሌንዳ።

"ደስ ይላሉ" አለች ልጅቷ። ሃምሳው ግን አልቀረም።

ወይዘሮ ኧርሊን አንገታቸውን ቀና አድርገው፣ "ለሮክሲ በነፃ ነበር" አሉ። ከዚያ የዕለቱን የበቆሎ ሾርባ ሁለት ማንኪያ ቀምሰው አራቱን ሰዓት ተኙበት።

ዓመቱ እንዲህ አለፈና የሁለተኛው ዓመት ክፍያ መጣ። በሠላሳ ቀን ውስጥ ካርዱን ካልዘጋች ገንዘቡ ይቆረጣል። ግሌንዳ በአንድ ደንበኛ የቀጠሮ ወረቀት ጀርባ ላይ፣ ለራሷም ሳታዳላ፣ ስታሰላው በእውነት የጠቀማት ሁለት መቶ ሰማንያ ዶላር ቢሆን ነው። ልክፈል ወይስ ልዝጋ እያለች እሑድ ለምሳ እናቷ ቤት ሄደች። ሮክሳን ዶሮውን እየቆራረጠች ሳለ ግሌንዳ የክፍያውን ነገር አነሳች።

"የኔም ክፍያ መጥቶ ነበር" አለች ሮክሳን። "ባንኩ ጋ ደወልኩና ሠላሳ ሺህ ነጥብ ሰጡኝ።"

"ለምኑ?"

"እንዳልዘጋው ነዋ። ሦስት መቶ ዶላር ማለት እኮ ነው። አታውቂም እንዴ? ሁሉም ሰው የሚያደርገው ነው። ደውለሽ 'ለመዝጋት እያሰብኩ ነው' ትያለሽ። እያሰብኩ ነው ብቻ! 'ዝጋው' ብለሽ እንዳትጨርሺው፤ ልክ እንደ ባል ነው፣ ማስፈራራት እንጂ መፍታት የለም።"

"ባል ፈትተሽ የለም እንዴ?" አለች ግሌንዳ።

"ሁለቱን። ለዚህ ነው የምመክርሽ።"

እናትየው ሳቁ።

ወደ ቤቷ ስትነዳ ስሌቷን ጨረሰች። ሠላሳ ሺህ ከሰጧት ካርዱን ታቆየዋለች። ያም ሆኖ መቶ አሥራ አምስት ዶላር ይጎድላል፤ እሱን ለክብሯ ትከፍለዋለች። ካልሰጧት ግን ትዘጋዋለች፤ የእናቷ ሾርባ ለዘለዓለም የሮክሳን ሆኖ ይቀራል።

ረቡዕ ከሰዓት ቤቷ ሆና ባንኩ ጋ ደወለች። ያነሳው ሰው ደስመንድ እባላለሁ አለ፤ ድምፁ ማር ነው። ዌንደል ዕቃ እያጠበ ጆሮውን አቁሟል።

"ካርዱን ለመዝጋት እያሰብኩ ነው" አለች ግሌንዳ፣ እንደተማረችው።

"ብናጣዎት በጣም እናዝናለን፣ ወይዘሮ ሃርግሮቭ። ቆይ የምናደርግልዎት ነገር ካለ ልመልከት።" ሙዚቃ ለቀቀባት። ተመለሰ። "አሥራ አምስት ሺህ ነጥብ ልንሰጥዎት እንችላለን።"

"እህቴ ሠላሳ ነው የተሰጣት።"

"የሌላ ደንበኛ ነገር ማየት አልችልም፣ እመቤቴ።"

"ሮክሳን ትባላለች። ፀጉሯ የማይነቃነቅ።"

"እመቤቴ…"

"እኔ በየወሩ በታክሲ ሄጃለሁ። ካልሲ ገዝቻለሁ። ሻርለት አራት ሰዓት ተቀምጫለሁ። እሷ ከእኔ በምን በልጣ ነው?"

"ለእርስዎ የቀረበው አሥራ አምስት ሺህ ነው" አለ ደስመንድ ቀስ ብሎ።

ባንኩም አዳላ! እናቷስ ያዳሉ፤ ወልደዋታል። በሕይወቱ አንዳቸውንም አይቶ የማያውቅ ባንክ ሮክሳንን በእጥፍ ይወዳታል። የግሌንዳ ክብር ደግሞ የጎደለውን ሁለት መቶ ስልሳ አምስት ዶላር አያወጣም። አፍ ሲያመልጥ፣ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም፤ "እንግዲያው ዝጋው!" አለች።

እርግጠኛ ነዎት ወይ ሲላት፣ ነኝ አለች። ይኸኔ ነው እንግዲህ ሠላሳውን ይዞ የሚመጣው ብላ ጠበቀች። የቁልፍ ድምፅ ተሰማ።

"ተዘግቷል። ሌላ የምረዳዎት ነገር አለ?"

ዌንደል ድስቱን አድርቆ ሰቀለ። ትከሻው ይስቅ ነበር።

በሚቀጥለው እሑድ ሮክሳን ቁጭ ሳትል፣ "ስንት ሰጡሽ?" ብላ ጠየቀች።

ግሌንዳ እውነቱን ልትናገር አስባ ነበር የመጣችው። እናቷ ግን "ሮክሲ ጎበዝ ናት፣ ሠላሳ አስወጣቻቸው" እያሉ ድንች ሲያነሱ አየች። ካፈርኩ አይመልሰኝ ሆነና፣ "ሠላሳ አምስት" አለች።

የሮክሳን ሹካ ሳህኑ ላይ አረፈ። ግሌንዳ ይህን ፊት ሃምሳ ዓመት ስትጠብቀው ኖራለች፤ ከንፈሩ ጠበብ፣ ዓይኑ ፈጠጥ ያለ። ድንቹ እንደዚያ ቀን ጣፍጧት አያውቅም።

"ምን ብለሽ?" አለች ሮክሳን።

"ዝጋው ብዬ።"

"ዝጋው ነው ያልሽው? በቀጥታ?"

"በቀጥታ።" ይህ እንኳ ውሸት አልነበረም።

"ነገ እደውላለሁ" አለች ሮክሳን። "በአምስት ሺህ አልበለጥም።"

ሰኞ ጠዋት ግሌንዳ ሥራዋ ላይ ሆና ነገሩ ከነከናት። ያ ደስመንድ የሮክሳንንም ካርድ ጠርቅሞ ሲዘጋ ታያት። በመጀመሪያ ደስ አላት። ሁለት ጥርስ እስክታጥብ ደስታው ቆየ፤ ሦስተኛው ላይ ግን እህቷን ገደል ገፍትራ የምታይ መሰላት። ደንበኛዋን፣ ሚስተር ኦልሰንን፣ አፉን እንደከፈተ ትታ ኮሪደር ወጣችና ደወለች።

"ሮክሲ፣ እንዳትደውዪ። ሠላሳ አምስት የሚባል ነገር የለም። የኔን ዘግተውታል። ቀንቼብሽ ነው የዋሸሁት።"

ከሮክሳን በኩል ሳል ይሁን ሳቅ ያልለየለት ድምፅ መጣ።

"ደውዬ ጨርሻለሁ፣ እታለም።"

"ወይኔ። ዘጉት?"

"አሥር ሺህ ጨመሩልኝ። አርባ ሆነ።"

ግሌንዳ ስድስት መቶ ዘጠና አምስት ዶላር ኪሷ መቅረቱን ለራሷ ነገረችው፤ ራሷ አልሰማትም።

"እንዴት?" አለች። "ዝጋው አልሽው? እኔ እንዳልኩት?"

"እንዳልሽው። እባክህን ጨመርኩበት ብቻ።"

ግሌንዳ ገብታ ወንበሯ ላይ ተቀመጠች፣ መፋቂያውን አነሳች፣ ወሬዋንም አልቀጠለችም። ሚስተር ኦልሰን አፉን ከፍቶ የቻለውን ያህል ቻለ። በኋላ እጇን ያዝ አድርጎ፣ "ዛሬ እጅሽ ከብዷል፣ ግሌንዳ" አላት።

"ይቅርታ" አለች። "እባክህን ከፈት አድርግልኝ፤ እባክህን።"